አውቄ የጠጣሁት ግራዋ

ሰው ወደ ጎጃም የሚሄደው ገዳም ለመሳለም ነው፣ ዓባይን ለማየት ነው፣ ቢጠፋ ቢጠፋ ማር ለመግዛት ነው። እኔ የሄድኩት አጎቴን ከቢቸና አንስቼ ሞጣ ለማድረስ ነው። ከቢቸና ሞጣ በመኪና ግማሽ ቀን አይሞላም። እኔ ግን ደርሶ መልሱን ጨምሮ ስምንት ቀን ፈጅቶብኛል። ለምን እንደፈጀብኝ ስትሰሙ እንኳን ሰው፣ ዕቃም አደራ አትሰጡኝም።

ነገሩ የሆነው ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ በዚያ መስመር መኪና እንደልብ በሚመላለስበት ጊዜ ነው። እኔ አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ፋርማሲ አለችኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ቆሜ "ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሦስት ጊዜ" ስል ኖሬአለሁ። የእናቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ይሁኔ ደግሞ ከቢቸና ወጣ ብለው የሚኖሩ ገበሬ ናቸው፤ አገሬው ለቁርጠቱም ለምቹም ቅጠል የሚቀበለው ከእርሳቸው ነው። እኒህ ሰው ዓይናቸውን ሞራ እየጋረዳቸው መሆኑን እናቴ ሰማች። ሞጣ ላይ የዓይን ሐኪሞች በዘመቻ መጥተው እስከ ዓርብ በነጻ እንደሚያክሙም ሰማች። ጋሼ ይሁኔ ግን አልሄድም ብለዋል።

"አንተ ሂድ" አለችኝ እናቴ። "ያው የመድኃኒት ሰው ነህ፣ አንተን ይሰማሃል።"

ይህን ስትለኝ መርፌዋ ውስጥ ክር እያስገባሁላት ነበር። የዘንድሮ ክር ሲወፍር አይጣል ነው እያለች ታማርራለች። እኔም አዎ፣ ዕቃው ሁሉ ተበላሽቷል አልኳት።

እሑድ

ከቤት የወጣሁት ትንሽ ጉንፋን ቢጤ ይዞኝ ነው። አውቶቡሱ ገና ከከተማ ሳይወጣ ከሰው ጋር ተጣላሁ። ጠቡ የመስኮት ነው። እኔ እከፍታለሁ፣ ከኋላዬ የተቀመጡ ሴትዮ ንፋስ ገባ ብለው ይዘጋሉ። ሦስቴ ከከፈትኩና ሦስቴ ከተዘጋብኝ በኋላ ብድግ ብዬ ለአውቶቡሱ በሙሉ ትምህርት ሰጠሁ፤ ጉንፋን የሚመጣው በንፋስ ሳይሆን በቫይረስ መሆኑን፣ የታፈነ አየር እንደሚብስ፣ ሁሉንም አስረዳሁ። ትምህርቱን ስጨርስ አነጠስኩ። አንድ ጊዜ ቢሆን ደግ ነበር፤ አራት ጊዜ ነው። ሹፌሩ ሳይቀር ሳቀ።

ሴትዮዋ ግን አልሳቁም። የነጠላቸውን ጫፍ ፈተው አንድ ዘለላ ጤና አዳም ሰጡኝና "አሽትተው፣ ልጄ" አሉኝ። የተማረ ሰው ነኝና ተቀብዬ ኪሴ ከተትኩት። የዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ሁሉም አንገቱን አውጥቶ ገደሉን ሲያይ፣ ማንም እንደማያየኝ አረጋግጬ ቅጠሉን አወጣሁና አሸተትኩ። ስለዚህ ስለ በረሃው የምነግራችሁ ነገር የለኝም፤ ስለ ጤና አዳም ሽታ ከጠየቃችሁኝ ግን ሞልቶኛል።

ደጀን ላይ ሽሮ በላሁ። አዲስ አበባ ሽሮ ሲቀርብላችሁ ሳህኑ ሥር ያለውን አበባ ማየት ትችላላችሁ። የደጀኑ እንጀራው ላይ ሲፈስ መንገድ አያበጅም፣ ባለበት ይቆማል። ከዚያ በሚኒባስ ቢቸና፣ ከቢቸና የግማሽ ሰዓት የእግር መንገድ ሄጄ ሊመሽ ሲል ደረስኩ።

የጋሼ ይሁኔ ባለቤት እትዬ ጥሩአየሁ ገና ከመቀመጤ እግሬን ካላጠብኩ አሉ። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ የምናቀርብለት የቴሌቪዥኑን ሪሞት ነው። አይሆንም ብዬ ስግደረደር ጫማዬን ራሳቸው አወለቁት፤ ሁለቱም አውራ ጣቶቼ ካልሲውን ቀደው ወጥተው ነበር። እትዬ ጥሩአየሁ ውሃው ውስጥ የታሸ ቅጠል ጨመሩበትና አጠቡኝ። ጋሼ ይሁኔ ግንባሬንና ጉንጬን በእጃቸው ዳሰሱ፣ ከዚያም እንደ አገሩ ልማድ ጉንጭ ለጉንጭ አገላብጠው ደጋግመው ሳሙኝ። በመካከሉ አነጠስኩባቸው። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ሰኞ

ጠዋት ጎረቤቶች ሊጠይቁኝ መጡ። ሥራህ ምንድን ነው ሲሉኝ፣ ፋርማሲስት ብል ባዕድ ይሆንባቸዋል ብዬ ፈቃዴ ላይ የተጻፈውን በንጹሕ አማርኛ ነገርኳቸው፦ "መድኃኒት ቀማሚ ነኝ።"

አንዲት እናት ሕፃኗን ከጉልበቴ አጠገብ ሳብ አደረገች። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ የጠላ ዋንጫቸውን በእጃቸው ከደኑ። እኔ ቃሉን የማውቀው ከወረቀት ላይ ነው። እነርሱ ዘንድ መድኃኒት ሁለት ፊት አለው፤ የሚያድነውም መድኃኒት ነው፣ ጠላት በዋንጫህ የሚጨምርብህም መድኃኒት ነው። ቀማሚ ሲጨመርበት ደግሞ የትኛውን እንደሚያስቡ ግልጽ ነው። ጋሼ ይሁኔ "ፋርማሲ ነው የሚሠራው" ብለው አዳኑኝ። ሁሉም "ፋርማሲ ነው እንዴ!" እያሉ ተነፈሱ። ያቺ እናት ሕፃኗን መልሳ ጉልበቴ ላይ አስቀመጠችው፤ ወዲያው የራስ ምታት ክኒን ጠየቀችኝ። ያሳማኝን ስም ለማጽዳት ቦርሳዬን ከፍቼ ለራሴ የያዝኩትን ማስታገሻ እስከ መጨረሻው ፍሬ አደልኩ።

ከሰዓት ጋሼ ይሁኔ በአጥሩ ጥግና በወንዙ ዳር ይዘውኝ ዞሩ። ዱላቸውን አስቀድመው ይሄዳሉ፤ ቁጥቋጦ ሲያገኙ ቅጠል ቀጥፈው በሁለት ጣት ያሻሉ፣ ወደ አፍንጫቸው ያስጠጋሉ፣ ከዚያ ይናገራሉ። ይኼ ለቁርጠት ነው፣ ይኼ ላም ዓይኗ ሲያብጥ ነው፣ ያኛው ቁስል ያደርቃል። ስሙ ማን ነው ስላቸው ግን መልሳቸው አንድ ነው፦ "ቅጠል።"

በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና አንዱን ተክል በላቲን ስሙ ጠራሁላቸው።

"አሁን እንዲህ ብለህ ስትጠራው ምን ሆነልህ?" አሉኝ።

ምንም እንዳልሆነልኝ አመንኩ። ለመድኃኒት የተቆረጠ ቅጠል ስሙ ከተጠራ ይረክሳል፣ ኃይሉ ይሄዳል አሉኝ። እኔ ፋርማሲ ውስጥ ስሙ በትልቁ ያልተጻፈበት መድኃኒት ብሸጥ እንደምታሰር ነገርኳቸው። ለእኔ አዘኑልኝ።

ልብ ያልኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ጋሼ ይሁኔ ከእጃቸው አልፎ አያዩም። ድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ ተደናቀፉ፤ እኔ ሳልደርስላቸው ዱላቸው ደረሰ። ያገሩን ቅጠል ሁሉ የሚለዩት በአፍንጫቸው ነው። ላሳስታቸው ብዬ የባሕር ዛፍ ቅጠል አቀበልኳቸው፤ ገና እጄ ላይ ሳለ ሳቁብኝ። በራቸው ጎን አንድ ትልቅ ዳማከሴና አንድ ግራዋ ተጠጋግተው፣ ቅርንጫፋቸው ተቆላልፎ በቅለዋል። ዳማከሴው የምች ነው። ግራዋውን እትዬ ጥሩአየሁ የጠላ ጋን ያጥቡበታል፤ ስለ ምሬቱ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት አልችልም። ያን ጊዜ እኔም አላውቅም ነበር።

ማክሰኞ

የሞጣን ነገር አነሳሁ። ሞራ ማለት ምን እንደሆነ፣ ሐኪሙ እንዴት እንደሚገፈው፣ ሥራው ምን ያህል አጭር እንደሆነ ወረቀት ላይ ሥዬ አሳየኋቸው። ማየት ለማይችል ሰው ሥዕል ማሳየቴን የተረዳሁት እትዬ ጥሩአየሁ ዞር ብለው ሲስቁ ነው።

ጋሼ ይሁኔ አልሳቁም። "ለሰው ዓይን ቅጠል የምጨምቅ ሰው፣ የራሴን ዓይን ይዤ ሐኪም ቤት ብሰለፍ ነገ ማን ያምነኛል?" አሉ። ይህን ሲሉ አነጠሱ። አቧራ ነው አሉ። እኔ አቧራ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ሥዕሌን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ።

ለእናቴ ልነግራት ፈለግሁ፣ ኔትወርክ ያለው ጉብታው ላይ ነው። ራሴን ታጥቤ፣ ትኩስ ምሳ በልቼ፣ ባርኔጣ ሳላደርግ ልወጣ ስል እትዬ ጥሩአየሁ ምች ይመታሃል ብለው በር ላይ ያዙኝ። ምች የሚባል በሽታ በማንኛውም መጽሐፍ ውስጥ አላየሁም አልኳቸውና ወጣሁ። እናቴ ዓርብ ካለፈ ሐኪሞቹ እንደሚሄዱ አስታወሰችኝ፤ ሳትነግረኝም አውቀዋለሁ። ፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ያህል ተከራከርን።

ረቡዕ

በመጽሐፍ የሌለው በሽታ መታኝ። ከንፈሬ ቆስሎ አብጧል፣ ራሴ ሊፈነዳ ደርሷል፣ ትኩሳቱ ያንቀጠቅጠኛል። ቦርሳዬን በረበርኩ፤ ሰኞ ለስሜ ማጽጃ ያደልኩት ክኒን ትዝ አለኝ። ጎረቤቶቹ ፋርማሲው ታመመ ሲባል ሰምተው መጡ። አምስት ናቸው፣ እንደ ዳኛ ተደርድረው ተቀመጡ።

ጋሼ ይሁኔ ቅጠሉን ራሴ እቆርጣለሁ አሉ። ለምች የሚቆረጥ ቅጠል በሌላ እጅ አይሆንም ማለታቸው ነው። አፍንጫቸው ድፍን ብሎ ድምፃቸው እንኳ ተለውጧል። ከአልጋው ላይ ሆኜ በበሩ አየኋቸው፤ እጃቸውን ወደ ተቆላለፈው ቁጥቋጦ ሰደዱ፣ ዳሰሱ፣ ለጋ ለጋውን ቀጠፉ፣ ከልማድ የተነሣ ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት፣ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ገቡ። በሙቀጫ ወቅጠው፣ ጨምቀው፣ አንድ ብርጭቆ ሙሉ አቀረቡልኝ።

ገና ከንፈሬ ሳይነካው አወቅሁት። ዳማከሴ ሽታው ራሱ ያስታውቃል። ይህ ግራዋ ነው።

ቀና አልኩ። አምስቱ ዳኞች ያዩኛል። ጋሼ ይሁኔ አጠገቤ ቆመው ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይሆን ትንሽ ወደ ግድግዳው አዙረዋል፤ የት እንዳለሁ በእርግጥ አያዩም። ይህ ግራዋ ነው ብል ምን እንደሚሆን ታሰበኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ልጁን ይዞ ወደዚህ ቤት አይመጣም። እዚሁ ሰው ፊት ሲዋረዱም አያለሁ። ጉንፋኑን ያመጣሁባቸው ደግሞ እኔ ነኝ።

ጠጣሁት። እስከ ታች ጠጣሁት። ዓይኔ እንባ ሞላ። ጎረቤቶቹ ምቹ እየወጣ ነው አሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ከቤቱ ጓሮ ነው ያሳለፍኩት። እየሮጥኩ በተመለስኩ ቁጥር አምስቱም በአድናቆት ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ መድኃኒቱ ሠራ ማለታቸው ነው። ወደ ማታ ትኩሳቱ በራሱ ጊዜ በረደ፤ ተሻለኝ አልኩ፣ ሁሉም መርቀውኝ ሄዱ።

ሐሙስ

ስነቃ ጋሼ ይሁኔ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። ሙቀጫው ጉልበታቸው ላይ ነው። አፍንጫቸው ተከፍቷል።

"ትናንት ያጠጣሁህ ግራዋ ነው" አሉኝ።

አዎ አልኩ።

"ስትጠጣው አውቀህ ነው?"

"አውቄ ነው።"

"ታዲያ ለምን ጠጣኸው?"

እዚህ ላይ አንድ የሚያምር ነገር ተናገርኩ ብዬ ልጽፍ ፈልጌ ነበር። ያልኩት ግን "ሰው ነበር" ነው። እርሳቸው ሙቀጫውን ሲያገላብጡ ቆዩ። እጃቸው ውስጡ የሌለውን ቅጠል ደጋግሞ ይጠርግ ነበር። እኔ በሕይወቴ ሙሉ ከባንኮኒ ኋላ ሆኜ ያንን እጅ አውቀዋለሁ፤ የተሳሳተ መድኃኒት ሰጥቶ በሩ ከተዘጋ በኋላ ያወቀ ሰው እጅ ነው። አንድ ጊዜ የእኔም እጅ እንደዚያ ሆኖ ያውቃል። ይህን ነገርኳቸው፤ ለማንም ተናግሬው የማላውቀውን ነው የነገርኳቸው። ደንበኛዬን ሰፈር ለሰፈር ሮጬ እንዳገኘኋት፣ ክኒኑንም ገና እንዳልዋጠችው።

"ሕፃን ቢሆን ኖሮስ?" አሉ ጋሼ ይሁኔ። እኔን አልነበረም የሚጠይቁት። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው "ጥሩአየሁ፣ ጋቢዬን አምጪ። አንቺም ልበሺ" አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ "አንተ የኔን ስህተት ጠጥተሃል፤ እኔም ያንተዎቹን መርፌ እችላለሁ" አሉኝ።

በደብረ ወርቅ አድርገን ሞጣ ስንደርስ ከሰዓት ሆኗል። በመንገዱ ሁሉ መስኮቱን ዘግቼ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ያረፍነው ሐጂ ሰይድ የሚባሉ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነው። ከዓመታት በፊት ጋሼ ይሁኔ የልጃቸውን ቁስል አድነውላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ሐጂ ቢቸና ሲወርዱ ሳይጠይቋቸው አይመለሱም። የእስላም ሥጋ እንደማንበላ ስለሚያውቁ፣ ገና እንደደረስን ዶሮ ክርስቲያን ጎረቤታቸው እንዲያርዱ፣ ወጡም እዚያው በጎረቤት ድስት እንዲሠራ አደረጉ። ወጡ ግቢ ተሻግሮ ሲመጣ ሐጂ ራሳቸው በር ከፍተው ቆሙ፤ ከእኛ ጋር ተቀምጠው ግን የራሳቸውን ወጥ በሉ። አዲስ አበባ በአንድ ኮሪደር ስምንት ዓመት የኖርኩት ጎረቤቴ ምን እንደሚበላ አላውቅም። የሐጂ ባለቤት ጥቁር አዝሙድ አሙቀው በጨርቅ ቋጥረው ለአጎቴም ለእኔም ሰጡን፤ ሁለታችንም አፍንጫችንን ቀብረን ተቀመጥን። በዚህ ጊዜ ማንም ሰው እንዳያየኝ አልተደበቅሁም።

ዓርብ

ሰልፉ ረጅም ነው። መዝጋቢው ወጣት ሥራቸውን ሲጠይቀኝ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ፤ በዚህ ሳምንት ከሥራ ስም ጋር ያለኝ ነገር አልቋል። "ገበሬ በል" አሉት ጋሼ ይሁኔ።

ነርሷ ዓይናቸው ውስጥ ጠብታ ስታደርግ ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። ብልቃጡን አየሁት፤ እኔው ዘንድ መደርደሪያ ላይ ያለ ነው። ደስ ብሎኝ ስሙን ልጠራ ስል እጃቸውን አፌ ላይ ጫኑ።

"አትጥራው፣ ይረክሳል።"

ሃያ ዓመት ያጠናሁትን ዋጥኩት። "መድኃኒት ነው" አልኳቸው። ይበቃል አሉና ገቡ። እትዬ ጥሩአየሁ ከበሩ ውጭ መሬት ላይ ተቀምጠው እስኪወጡ ድረስ የባላቸውን ዱላ ታቅፈው ጠበቁ። እኔም አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፈርቼ ነበር፤ ባይሳካ ያሳመንኳቸው እኔ ነኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት በሽተኞቹን አግዳሚ ላይ ደርድረው ፋሻቸውን በየተራ ይፈቱላቸዋል። ነርሷ ወረቀት ይዛ እየጠየቀች ትጽፋለች። የጋሼ ይሁኔ ተራ ደረሰ። ፋሻው ሲነሣ ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ከዚያ ገለጡት። እኔ ፊት ለፊታቸው ነበርኩ፤ አላዩኝም፣ በላዬ ላይ አልፈው ወደ በሩ አዩ።

"አባት፣ እንዴት ነው? ይታይዎታል?" አለቻቸው።

"ጥሩአየሁ" አሉ።

ነርሷ ደህና ያያሉ ብላ ጽፋ ወደሚቀጥለው ሰው አለፈች። በሩ ላይ ፔርሙስ ይዘው የቆሙት እትዬ ጥሩአየሁ ግን ማን እንደተጠራ ያውቃሉ። ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉት። ጋሼ ይሁኔ ከዚያ በኋላ ነው ወደ እኔ ዞረው ሸብተሃል ያሉኝ።

በዚያው ቀን ቢቸና ተመለስን። በራቸው ላይ ደርሰው የተቆላለፈውን ቁጥቋጦ በዓይናቸው ብቻ፣ ሳይነኩት፣ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ ለእናቴ የሚሆን ዳማከሴ ቆረጡ፣ በክር አሰሩ። አንድ ዘለላ ግራዋ መካከሉ ላይ ሰኩበት። "ለእህቴ ንገራት፣ አንዷ ግራዋ ናት። አይቼ ነው የጨመርኳት በላት" አሉኝ።

እሑድ

አዲስ አበባ የገባሁት እያሳልኩ ነው። እናቴ እስሩን ተቀብላ መልእክቱን ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፣ ከዚያ ተቀምጣ አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ሳሌን ሰምታ ተነሣች። እስሩን ይዛ ወደ ማድቤቱ ሄደች። ግራዋዋን ለይቼ ጣልኳት አለችኝና አንድ ብርጭቆ ጨምቃ አመጣችልኝ።

ከንፈሬ ሳይነካው አወቅሁት፤ ግራዋዋ አልተጣለችም። ቀና ብዬ አየኋት። ፊቷን ትንሽ ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ጠረጴዛው ላይ መርፌዋና ያ ወፍራም ነው ያለችው ክር ተጋድመዋል።

እስከ ታች ጠጣሁት። ተሻለህ ስትለኝ ተሻለኝ አልኳት። ከዚያ ወደ በረንዳው ወጥቼ ለሐጂ ሰይድ ደወልኩና፣ የዓይን ሐኪሞቹ ሞጣ መቼ እንደሚመለሱ እንዲያጠያይቁልኝ ለመንኳቸው።